ያረፈደ ምስክር

ጠዋት ከሥራ ገበታዎ አርፍደው ሲደርሱ ምን ይላሉ? «ታክሲ ጠፋ»፣ «መንገድ ተዘጋ»፤ ሁላችንም የለመድነው ነው። ሩብ ሰዓቷ ከምሳ እረፍት ተቀንሳ ትካካሳለች። የማይካካስ ማርፈድም አለ።

መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ከሚባለው ስፍራ ገደሉ ሥር «አመፀኛ ዋሻ» ይገኛል። ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. የፋሽስት ጦር ከበበው። ውስጡ የተጠለሉት የአርበኛው የአበበ አረጋይ ተከታዮች ነበሩ፤ ከነቁስለኞቻቸው፣ ከነሴቶቻቸው፣ ከነሕፃናቱ። ወራሪው የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ወንዶቹ ተረሸኑ። ይህን መርዝ በጦርነት መጠቀም በ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫው ፕሮቶኮል ከልክሎት፣ ጣሊያንም በ1928 አጽድቃው ነበር!

ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው በ1996 ነው። እልቂቱን በሠራዊቱ ሰነድ ተከትሎ ዋሻው ድረስ የመጣው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ደግሞ በ2006 ደረሰ። ከእርሱ በኋላ የገቡት አርኪዮሎጂስቶች ከሰው አፅም ጋር የሸክላ ዕቃ፣ ቅርጫት፣ የእህል ማስቀመጫ አገኙ። የጦር ምሽግ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ቤት ነበር።

የአገሩ ሰው ግን ነገሩን በአፉ ይዞት ኖሯል። ችግሩ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። እስቲ ያስሉት፤ በዚያች ሚያዝያ የ5 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ተመራማሪው ሲመጣ 72 ዓመቱ ነው። እናቱ፣ አባቱ፣ ቁስለኛ ያሸከሙት ጎረቤቶቹ አንዳቸውም ለመናገር አልቆዩም።