ለገሃር፦ የባቡሩ ሰፈር ትናንትና ዛሬ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ለገሃር በዚህ የጋራ ሐዲድ ላይ ስለሚገኝ፣ ከአያት የመጣውም ወደ ቃሊቲ የሚወርደውም ባቡር ይቆምበታል። በአቅራቢያው ደብዘዝ ያለ ቢጫ ቀለም የተቀባው የድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ብዙው ተሳፋሪ ወርዶ ወደ ታክሲው ወይም ወደ አንበሳ አውቶቡስ ሲጣደፍ ልብ ሳይለው ያልፋል። ሆኖም የከተማዋን የደቡብ ክፍል መልክ ያስያዘው ይህ ጣቢያ ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ለመድረስ እስከ 1895 ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በባቡሩ ሰበብ ይሻኮቱ ስለነበር ሥራው ለዓመታት ቆመ። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ባቡሩ ገና መንገድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ የመስመሩ ርዝመት በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ወደ ባሕር የሚያደርሰው ጉዞ በቀናት ተተካ።

እስከዚያ ድረስ የከተማዋ ኑሮ ከላይ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢና በአራዳ ገበያ። ጣቢያው ግን ከታች ሜዳው ላይ ሲያርፍ ከተማዋን ወደ ደቡብ ሳባት። አሁን የምናየው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው። ከደጃፉ ሽቅብ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ብሔራዊ ቴአትርን፣ ዋናውን ፖስታ ቤትና የገብረ ማርያምን ሊሴ ትምህርት ቤት እያለፈ በ1957 ከተመረቀው ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። በእኔ ግምት አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ አሳምሮ የተዘረጋ ጎዳና የለም።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ፈረንሳዊው ቀራጺ ዦርዥ ጋርዴ የሠራው ሲሆን፣ የቆመው ከ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ጋር ተያይዞ ነው። አንበሳው ዘውድ ደፍቷል። በጥቁሩ የድንጋይ መቆሚያ ጎኖች ላይ የምኒልክ፣ የዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የኃይለ ሥላሴ ምስሎች ተቀርጸዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ ሰብ ለስደት የወሰደው ባቡር ከዚሁ ጣቢያ ተነሣ። ከሦስት ቀን በኋላ የጣሊያን ፋሺስት ጦር ከተማዋን ያዘ። አንበሳውም ተነቅሎ ሮም ተወሰደና ለድል ማሳያ ቆመ። በሰኔ 1930 ወጣቱ ዘርዓይ ደረስ እዚያው ሮም ላይ፣ ከዚህ አንበሳ ሥር፣ ጎራዴውን በፋሺስቶች ላይ መዘዘ፤ ነጻ ሳይወጣም በጣሊያን ምድር ሞተ። አንበሳው ወደ ለገሃር የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው። በአጠገቡ የምናልፍ ሁሉ ይህን ብናውቅ ምንኛ በወደድኩ!

የሰፈሩ ኑሮ የተገነባው በምድር ባቡር ዙሪያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ቋንቋውን ከሊሴ ደጃፍ ሳይደርስ ከሥራ ባልደረቦቹ የለመደ ሠራተኛ ጥቂት አልነበረም። በባቡሩ ቡናና ቆዳ ይወጣ፣ ቆርቆሮና ጨው ይገባ ነበር። ተጓዡና ሸኚው «ቡፌ ደ ላ ጋር» በተባለው ምግብ ቤት ይቀመጡ ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ ሦስት ቀን ይጓዝ የነበረበት ዘመንም ነበር።

አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ በ2000 ገደማ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ። መስከረም 9 ቀን 2008 ደግሞ ቀላል ባቡሩ ሥራ ጀመረ፤ 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን አብዛኛው ገንዘብ የቻይና ብድር ነው። መጀመሪያ ላይ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ትኬት ብዙ ድሃ ሠራተኛ አጓጉዟል። ይሁንና ከ41ዱ ባቡሮች የሚበዙት በመለዋወጫ እጥረት የቆሙበት ጊዜ መጣ፤ ተሳፋሪውም በመጠበቅ ተንገላታ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ደግሞ በከተማዋ ዳርቻ፣ ለቡ ላይ ቀረ። ስለዚህ የአገር አቋራጩ መንገደኛ ለገሃርን አያውቃትም። ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል፤ የከተማውና የአገር አቋራጩ ባቡር አንድ ቦታ ቢገናኙ ኖሮ፣ ሻንጣ ተሸክሞ ታክሲ ለታክሲ መንከራተት ባልኖረ ነበር።

በኅዳር 2011 የመሠረት ድንጋይ የተጣለለት የለገሃር ሰፈር መልሶ ግንባታ ፕሮጀክት 36 ሄክታር ይሸፍናል፤ አልሚው ኢግል ሂልስ የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ ነው። ነዋሪው ከሰፈሩ ሳይርቅ እንደሚሰፍር ያኔ ቃል ተገብቷል፤ ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር ይህ ቃል መጠበቅ አለበት። የጣቢያው ሕንፃ መትረፉም ብቻውን አይበቃም፤ ሐዲዱን፣ ጥገና ቤቱንና መዛግብቱን የያዘ የባቡር ሙዚየም ያስፈልጋል። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ምድር ባቡር ያገለገሉ አንባቢያን፣ ፎቶግራፉን፣ የሥራ መታወቂያውንና ደብዳቤውን አትጣሉ። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉም ቃላቸውን ቅረጹ።