እንጀራ የቀነሰ ሁሉ ስኳሩ እኩል አይወርድም

ቦሌ ሚካኤል ሩዝና ፓስታ፣ ገርጂና ሲኤምሲ እንጀራ በሽሮ፣ ከቦሌ መንገድ ዳርና ዳር ደግሞ በርገርና ስፕሪስ፤ የምሥራቅ አዲስ አበባ ማዕድ ቢለያይም አብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው። እሱን ቀንሶ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጎመንና አይብ መብላት ስኳር ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚመካከሩት ነገር ሆኗል። ምክሩ መሠረት አለው፤ ካርቦሃይድሬት ተፈጭቶ ግሉኮስ ስለሚሆን ከሌሎች ምግቦች ይበልጥ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ለጎረቤት የሠራው መጠን ግን ለእኛም ይሠራል ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ሴል በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት 800 ሰዎችን ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ፣ ተመሳሳይ ምግብ የበሉ ሰዎች የስኳር መጠን በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች የስኳር ሕመምተኞች እንኳ አልነበሩም። በሕመምተኛ ላይ ደግሞ ቆሽቱ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደቀረው፣ ክብደቱ፣ እንቅልፉና እንቅስቃሴው ይጨመርበታል። ማታ እንጀራ ሳይቀምስ ተኝቶ ጠዋት ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያገኘውም አለ፤ ጉበት ንጋት ላይ ግሉኮስ ስለሚለቅ ነው።

«ቀይ ጤፍ ለስኳር ችግር የለውም» ሲባልም እንሰማለን። ቀይም ሆነ ነጭ፣ ከ100 ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። የሽሮም ዱቄት ከግማሽ በላዩ እንዲሁ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን መድኃኒቱ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑን ሳያስተካክል እንጀራውን በድንገት ቢተው ስኳሩ ከ70 በታች ወርዶ ሊያልበው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ እምብዛም አያጋጥመውም። ዳፓግሊፍሎዚን የሚወስድ ደግሞ ስኳሩ ብዙ ሳይጨምር እንኳ ደሙ በኬቶን አሲድ ሊመረዝ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እና ኩላሊቱ የታመመ ሰው ያለ ሐኪም አይጀምሩት። የዓይነት አንድ ሕመምተኛ ምንም ቢበላ ኢንሱሊኑን ማቆም የለበትም።

የራስን ልክ የሚያሳየው የቤት መለኪያው ነው። ከምግብ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩ። ነፍሰ ጡር ላልሆነ አዋቂ በተለምዶ የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ከ180 በታች ነው። የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋው ስለሚከብድ አዘውትረው በሚበሉት ምግብ ይጀምሩ፤ አንድ ቀን በሙሉ እንጀራ፣ ሌላ ቀን በግማሹ፣ ወጡ ያው ሆኖ።

በረመዳን ቴምሩም ይቆጠራል። አንዷ ትንሽ ፍሬ 6 ግራም ያህል፣ ትልቁ መጅዱል 18 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ «ሦስት ፍሬ» ስንል የትኛውን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ጣት ወግቶ ደም መለካት ጾምን እንደማያፈርስ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ። ንባቡ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ፣ መግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ወዲያው ይፈጠራል።