ኮልፌ ስለ ቻይና የሚጠይቀው፤ ከሐር ንግድ እስከ ቀለበት መንገድ

የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በ18 ማዞሪያ በኩል ኮልፌን ሰንጥቆ ወደ ዊንጌት ሲወጣ፣ ሥራውን የያዘው የቻይና መንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን ነበር። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አብዛኛው የሰፈራችን ሰው ቻይናዊን ፊት ለፊት ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ከቀን ሠራተኛው እኩል አካፋ ይዞ ሲቆፍር። የመሐንዲስ ጫማ ጭቃ ሲነካ ማየት ላልለመደ ሰው ይህ ራሱ ወሬ ነበር። ልጆች ከቁፋሮው ዳር ተኮልኩለው «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይጣራሉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ቆመው እያዩ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ጥያቄዎቹን ያልሰማ የኮልፌ ሰው የለም። እውነት እስረኞች ናቸው? አህያ ይበላሉ? ሃይማኖት አላቸው? ዕቃቸውስ ለምን አይበረክትም? የያኔዎቹ ልጆች ዛሬ ወልደው ከብደዋል፤ ጥያቄዎቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ጎረቤትን ለማወቅ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያሳዝነኝ መንገዳችንን፣ ባቡራችንን፣ የአፍሪካ ኅብረትን አዳራሽ ከሠራ ሕዝብ ጋር ሩብ ምዕተ ዓመት ኖረን መልሱን አሁንም ከሐሜት መቃረማችን ነው።

በእስረኛው ልጀምር። ወሬው የኮልፌ ብቻ አይደለም፤ ቻይናዎች በሠሩባቸው በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተወርቷል። መነሻውም ግልጽ ነው። ሠራተኞቹ በታጠረ ካምፕ አብረው ያድራሉ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፣ እሑድም ሌሊትም ይሠራሉ፣ ከሥራ ውጭ ከሰው አይቀላቀሉም። ይህን ያየ ሰው «ቅጣት ካልሆነበት ማን እንዲህ ይሠራል?» ቢል አይፈረድበትም። ጉዳዩን ከአገር አገር ተከትለው የመረመሩ አጥኚዎች ግን ወሬውን የሚደግፍ ማስረጃ አላገኙም። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከገጠር የወጡ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ውል ፈርመው፣ ምግብና መኝታ ከካምፑ እያገኙ፣ ደመወዛቸውን ለቤተሰብ የሚልኩ። ልጇን ቤይሩት ወይም ጅዳ የላከች የኮልፌ እናት ይህን ኑሮ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ለደቡብ ቻይና ገጠሮች ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በውል መሥራት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር ሐዲድ ሲጠናቀቅ፣ የምዕራቡን ክፍል ሠራተኞች አብዛኛውን ቁጥር የያዙት ቻይናውያን ነበሩ።

ቻይናዎች ወደኛ የመጡት በቀለበት መንገድ ዘመን ነው የሚለው ግምትም መታረም አለበት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ የዚያ አገር ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ትውውቁ ግን ከመንገድ ሥራም እጅግ ይቀድማል።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የፋርሱ የሃይማኖት መምህር ማኒ የዓለም ታላላቅ መንግሥታት አራት ናቸው ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ፋርስ፣ ሮም፣ አክሱምና ሲሊስ። ብዙ ሊቃውንት ሲሊስን ቻይና ነው ይሉታል። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አዱሊስ ወደብ ላይ ቆሞ አጼ ካሌብ ለየመን ዘመቻ ሲዘጋጁ አየ፤ በጻፈው መጽሐፍም ሐር የሚመጣበትን የሩቅ ምሥራቅ አገር ያነሣል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ለካሌብ የላኩት መልእክት ነው። ሮማውያን ሐር የሚያገኙት በጠላታቸው በፋርስ እጅ ነበርና፣ አክሱማውያን ከህንድ ወደቦች ገዝተው በቀይ ባሕር በኩል እንዲሸጡላቸው ተማጸኑ። ትርፉ የእናንተ ይሁን፣ እኛም ወርቃችንን ለጠላት ከማፍሰስ እንድን ነበር ነገሩ። ካሌብ እሺ አሉ። ሥራው ግን አልሆነም፤ የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ወደቦች ስለሚቀርቡ መርከቡ ገና መልሕቅ ሲጥል ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር። የዘመኑ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ስለ አክሱም ስንማር ሐውልቱንና የናግራን ዘመቻውን እናነሣለን፤ በቻይና ሐር ንግድ ላይ ሮምና ፋርስ ሲፋለሙ በመካከል የተጠራችው አገር የኛ እንደነበረች የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1405 እስከ 1433 ባሉት ዓመታት የቻይናው አድሚራል ጄንግ ሄ መርከቦች ሞቃዲሾና ማሊንዲ ድረስ መጥተው ቀጭኔ ጭነው ሲመለሱ፣ ወደ ደጋው አገራችን የወጣ ሰው አልነበረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያገናኘን መከራ ነው። ጃፓን በመስከረም 1924 የቻይናን ግዛት ማንቹሪያን ስትወር የዓለም መንግሥታት ማኅበር ከንፈሩን መጠጠ እንጂ አላዳናትም፤ ከአራት ዓመት በኋላ ጣሊያን እኛን ሲወርም ያው ማኅበር ያንኑ አደረገ። አብዛኛው የዓለም መንግሥት የጣሊያንን ወረራ ተቀብሎ ሲያፀድቅ፣ አናፀድቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ቻይና ነበረች። ይህን ውለታ በትምህርት ቤት የሰማ ተማሪ ስንት ይሆን? ከዚያ ደግሞ ታሪክ ተገለበጠ። በ1943 ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በዚያ ተራራ ላይ የተዋጋው ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጦር ጋር ነው፤ 121 ኢትዮጵያውያን እዚያ ወደቁ፣ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም።

ደም ተፋሰው ሳለ እንዴት ወዳጅ ሆኑ ለሚል፣ ነገሩ ቀስ በቀስ የሆነ ነው። በጥር 1956 ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ አፍሪካን ሲዞሩ አስመራ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። የዲፕሎማሲ ግንኙነቱ ኅዳር 15 ቀን 1963 ተመሠረተ፤ ንጉሡም በመስከረም 1964 መጨረሻ ቤጂንግ ገብተው ከማኦ ጋር ተነጋገሩ። ልብ በሉ፣ በዚያው ዘመን በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪዎች የማኦን ጽሑፎች እያነበቡ ንጉሡ የሚወርዱበትን ቀን ይመክሩ ነበር። ቻይናን የምናውቃት እንዲህ ነው፤ ወይ በመንግሥት ደብዳቤ ወይ በአብዮት መጽሐፍ፣ እንደ ሰው ኑሮ ግን አይደለም።

ኑሮውን ስንጠይቅ ደግሞ አህያው ይመጣል። አዎን፣ በሰሜን ቻይና አንዳንድ አውራጃዎች የአህያ ሥጋ ይበላል። በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ የተዘጋ ጊዜ ግን ዋናው የተፈለገው ሥጋው ሳይሆን ቆዳው ነበር። ቆዳው ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለደም ማነስና ለሴቶች ሕመም ይሰጣል፤ ልማዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ዱሮ የመኳንንት መድኃኒት ነበር፤ አገሪቱ ስትበለጽግ ፈላጊው በዛ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 11 ሚሊዮን ያህል የነበረው የቻይና አህያም ከ3 ሚሊዮን በታች ወረደ። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር የኛ ናትና ዓይን ወደዚህ መጣ። እዚህ ላይ የሕዝቡ ቁጣ ልክ ነበር እላለሁ፤ ምክንያቱ ግን መጸየፍ ብቻ መሆን አልነበረበትም። እህልና ከሰል ጭኖ ገበያ የሚወጣው አህያ ዋጋው ሲንር የሚጎዳው ሸክሙን በጀርባዋ የምትተካው ሴት ናት። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2016 የአህያ ቆዳ ንግድን ለ15 ዓመት ሲያግዱ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የተሰበሰቡትም ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በ2004 ባስረከበችው አዳራሽ ውስጥ ነበር።

የዕቃው ጥያቄ ነጋዴውንም ይመለከታል። በኮልፌ እፎይታ ገበያ «ቻይና ነው» ከተባለ ቶሎ ይሰበራል ማለት ነው። ያው ገዢ ግን ቤቱ ሲገባ ረከቦቱ ላይ የሚደረድረውን ሲኒ ልብ አይለውም። ሲኒውን ብርሃን ላይ ያንሡት፤ ስስነቱ ጣትን ያሳያል፣ ሲነኩት ይጮኻል፣ የፈላ ቡና ሲቀዳበት አይሰነጠቅም። ነጭ ሸክላን በከፍተኛ ሙቀት ተኩሶ እንዲህ ማድረግን የፈጠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ አውሮፓውያን ምስጢሩን ያገኙት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ያ እጅ ዛሬ ጠፍቶ አይደለም። አስመጪው ፋብሪካ ሄዶ ሲያዝዝ ለአንዱ ዕቃ ሦስት አራት ዓይነት ጥራትና ዋጋ ይቀርብለታል፤ የኛ ገበያ አቅም ዝቅተኛውን ያስመርጠዋል። በ2008 ሥራ የጀመረው፣ ጦር ኃይሎች ድረስ የሚመጣው ቀላል ባቡርም እንደዚሁ ነው። ብዙዎቹ ባቡሮች የቆሙት መለዋወጫ ስለጠፋ ነው፤ ግዢውን ስንዋዋል ለጥገናው ያሰብንለት ትንሽ ነበር።

መድኃኒታቸው ይሠራል ወይ ለሚለው በሙሉ አፌ የምመልሰው አንድ ታሪክ አለ። ኮልፌ ደጋ ነው፣ ወባ የለበትም፤ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ለሥራ የሚወርድ ልጅ ግን አለው። ያ ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚሰጠው ኮአርተም ከቻይና አሪቲ መሰል ቅጠል የተገኘ ነው። ሳይንቲስቷ ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ1971 የጥንት መጻሕፍትን ሲያገላብጡ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም የጻፈውን አገኙ፤ ቅጠሉ ይቀቀል ሳይሆን በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል። እሳት ኃይሉን ያጠፋዋል ማለት ነው ብለው በአነስተኛ ሙቀት አወጡት፣ ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ስንት የኛ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ በየገዳሙ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል? ይህን ሳስብ ቅናት ይይዘኛል።

ሃይማኖትን በተመለከተ፣ የለሽ ናቸው የሚለው ከኮሚኒስት ፓርቲው የመጣ ስም ነው። ልማዳቸው ግን ከፓርቲው እጅግ ይቀድማል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖሩት ፈላስፋ ኮንፊዩሺየስ ያስተማሩት ስለ ሰማይ ሳይሆን ልጅ ለአባቱ፣ ታናሽ ለታላቁ ስለሚሰጠው ክብር ነው። ቻይናዊ ለትልቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥም ሲቀበልም በሁለት እጁ ነው፤ ሴት ስታገባ በአባቷ ስም ትቀራለች። ይህ ለኛ ሰው ምን ይከብዳል? በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ የወላጆቹን መቃብር ይጠርጋል። ክርስትናም እንግዳ አልነበረም፤ በሺያን ከተማ የሚገኘው፣ በ781 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው ድንጋይ፣ አሎፔን የተባለ መነኩሴ በ635 ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ንጉሡ በክብር እንደተቀበሉት ይመሰክራል። እስልምናም እዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከላይ ያነሣሁት ጄንግ ሄ ራሱ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከነሱ ወደኛ የሚመጣ ነው። ከቻይናዎች ጋር የሠራ አስተርጓሚ ሁሉ ተጠይቆታል፤ እናንተ ዘንድ ዓመቱ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? ወዲያው ደግሞ የኛ ሰው ይመልስና፣ የናንተስ ዓመት መለወጫ ለምን አንዴ በጥር አንዴ በየካቲት ይውላል ይላል። የኛ ዓመት ወደ ኋላ የቀረው የክርስቶስን ልደት ዘመን ከምዕራባውያኑ በተለየ ስሌት ስለምንቆጥር ነው፤ የነሱ ዓመት መለወጫ ወዲያና ወዲህ የሚለው ደግሞ ወራቱን በጨረቃ ስለሚቆጥሩ ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳሉ። ቻይናውያን ይህን ለማቃናት በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ተጨማሪ ወር ያስገባሉ። በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም በሚጠራው ባሕረ ሐሳባችንም ይህን ልዩነት የሚይዘው ጥንተ አበቅቴ 11 ነው፤ ጨረቃና ፀሐይ የሚገናኙበት ንዑስ ቀመርም 19 ዓመት ነው። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡት በዚህ ነው። አልፎም ይሄዳል፤ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበሩ የቻይና የሰማይ አዋቂዎች 19ኙን በአራት አባዝተው 76 ዓመት ያለው ታላቅ ዙር ሠርተዋል፣ የኛ ማዕከላዊ ቀመርም 76 ዓመት ነው። በቤጂንግ የውጭ ጥናት ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ይማራሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቻይንኛ ይሰጣል። የሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስረዳ የአማርኛ መጽሐፍ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም።