ኮሎኒያልቫረንላደን፦ የጀርመኑ “የቅኝ ግዛት ሸቀጥ ሱቅ” ስም ከየት መጣ?

በጀርመን አንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎች ግንባር ላይ “ኮሎኒያልቫረን” የሚል የደበዘዘ ጽሑፍ ዛሬም ይነበባል። “የቅኝ ግዛት ሸቀጥ” ማለት ነው። “ላደን” ሲጨመርበት ሸቀጡ የሚሸጥበትን ሱቅ ይሰይማል። በዚህ ሱቅ ባሕር ተሻግረው የሚመጡት ቡና፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ካካዎ፣ ቅመማ ቅመምና ትምባሆ ይሸጡ ነበር፤ በኋላ ግን ስሙ የማንኛውም የምግብ ሸቀጥ መደብር መጠሪያ ሆነ።

ጀርመንኛ ቃላትን ያለ ክፍተት አጣብቆ አዲስ ስም መፍጠር ይወዳል። “ቫረን” ሸቀጦች ማለት ነው። “ላደን” ቀድሞ ትርጉሙ ሳንቃ ነበር፤ የጥንት ነጋዴ የመስኮቱን መዝጊያ ሳንቃ ወደ ውጭ ዘርግቶ ዕቃውን ይደረድርበት ስለነበር የሳንቃው ስም ለሱቁ ተረፈ። “ኮሎኒያል” የመጣው “ኮሎኒያ” ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ ሥሩ “ማረስ” የሚል ፍቺ አለው። “ኮሎኑስ” ገበሬም ሰፋሪም ነው። ቃሉ ከእርሻ ተነሥቶ የሌላውን መሬት እስከ መያዝ ደርሷል።

የሚያስገርመው፣ ጀርመን ቅኝ ግዛት መያዝ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን “ኮሎኒያልቫረን” የሚለው ቃል ግን ከዚያ አስቀድሞ በንግድ ቋንቋ ውስጥ ነበር። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ሲያግድ ከገበያ የጠፉትና ዋጋቸው የናረው እነዚሁ ሸቀጦች ናቸው። ስሙ ሁልጊዜም እውነቱን አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዓለም ቡና በብዛት ይመጣ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1822 ነጻነቷን ካወጀችው ብራዚል ነው፤ የአረቢካ ቡና መገኛ ኢትዮጵያም የጀርመን ቅኝ አልነበረችም። የሱቁ ስም ይህን ልዩነት አያውቅም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሸማቹ ራሱ የሚያነሣባቸው ሰፋፊ መደብሮች ሲስፋፉ ቃሉ እየተረሳ ሄደ። ትንንሾቹ ሱቆችም “የአክስት ኤማ ሱቅ” የሚል የናፍቆት ስም ወጣላቸው።

አሮጌው ቃል ግን በአንድ ታዋቂ ስም ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1898 በበርሊን የሃለሸስ ቶር አካባቢ ነጋዴዎች ሸቀጥ በጋራ ለመግዛት የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። የረጅሙ ስም ምሕጻር “ኤ፣ ዴ፣ ካ” ነበር፤ “ካ” የቆመችው ለቅኝ ግዛት ሸቀጥ ነጋዴዎች ነው። ዛሬ ኤዴካ በጀርመን ትልቁ የምግብ ሸቀጥ ቸርቻሪ ሲሆን፣ አሁንም በነጋዴዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የቆመ ነው።