የግለሰብ ቤት ሲከራዩ «ቫት» ቢጠየቁ

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለመስክ ሥራ ወደ ደቡብ ጎንደር ሄደን ገሳይ ላይ ቤት ተከራየን። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። በነሐሴ እዚያ ያደረ ሰው ብርድ ልብስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። የቤቱ ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ አልጋና ጠረጴዛ የተሟላለትን ሦስት ክፍል ቤት በወር 6 ሺህ ብር ለሁለት ወር ሊሰጡን ተስማሙ። ውሉ ሲጻፍ ግን የወንድማቸው ልጅ ከሥር «ሲደመር ቫት 15 በመቶ» የምትል መስመር ጨመረባት። 12 ሺህ ብር የነበረው ኪራይ 13 ሺህ 800 ሆነ።

የቫት ምዝገባ ቁጥራቸውን ስጠይቅ ልጁ «ከተማ ያሉት ሁሉ ይጨምራሉ እኮ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ቫት ማለት ኪራይ ላይ የሚጨመር ገንዘብ መስሎታል። ችግሩ 1 ሺህ 800 ብሩ ወደ መንግሥት የሚደርስበት መንገድ አለመኖሩ ነው፤ እኛም ለመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል የምናቀርበው ደረሰኝ አይኖረንም።

በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 ሁለት ጥያቄ ያስነሳ ነበር። አንደኛው አከራዩ ማን ነው የሚለው ነው። ቫት መሰብሰብ የሚችለው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። የግዴታ ምዝገባው መነሻ በአዋጁ የዓመት 500 ሺህ ብር ሽያጭ ነበር፤ በኋላ ወደ 1 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። በወር 6 ሺህ ብር የሚከራይ ቤት ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሳይሆን ቢከርም 72 ሺህ ብር ነው የሚያስገባው። ሳይመዘገቡ የቫት ደረሰኝ መስጠት ደግሞ ያስቀጣል።

ሁለተኛው የተከራየው ነገር ምንድን ነው የሚለው ሲሆን፣ ሰው አብዝቶ የሚስተው ይህንን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ በአዋጁ አንቀጽ 8 ከታክሱ ነፃ ከተደረጉት ውስጥ ነበር። በመሆኑም አከራዩ የተመዘገበ ነጋዴ ቢሆን እንኳ ለመኖሪያ በሰጠው ቤት ላይ 15 በመቶ መጨመር አይገባውም ነበር። ቫት ያልተመዘገቡትን ይመለከት የነበረው የተርን ኦቨር ታክስ አዋጅ ቁጥር 308/1995ም የመኖሪያ ቤት ኪራይን በተመሳሳይ ሁኔታ ነፃ አድርጎት ነበር።

ነፃነቱ የሚሠራው ግን ለመኖሪያ ነው። ያንኑ ቤት ለቢሮ ወይም ለሱቅ ቢከራዩት ነገሩ ይለወጣል፤ ያልተመዘገበው አከራይ በዚያ ጊዜ ለአገልግሎት የተቀመጠው 10 በመቶ ተርን ኦቨር ታክስ ይመጣበት ነበር። አንሶላ እየቀየሩ፣ ቁርስ እያቀረቡ በየሌሊቱ የሚያከራዩት ቤትም ከመኖሪያ ቤት ይልቅ ለእንግዳ ማረፊያ ንግድ ይቀርባል። እኛ እንኳ አንዷን ክፍል ለዕቃ ማከማቻ ልናደርጋት አስበን ነበር። ውሉ ላይ «ለመኖሪያ» ብለን ከጻፍን በኋላ ግን ዕቃውን መኪና ላይ ተውነው።

በነገራችን ላይ ይህ መለያ በየአገሩ አንድ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ታይምሼር የሚሉት፣ በመዝናኛ ሥፍራ በዓመት ለተወሰኑ ቀናት የማረፍ መብት አለ። ባለቤቱ ቀኖቹን ለሌላ ሰው ሲያከራይም የታክስ ጥያቄ ይነሳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ለስድስት ወር ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ በሚከራይ ማረፊያ ላይ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፤ የየአካባቢው ተጨማሪም ይደረብበታል፤ አከራዩ ግለሰብ መሆኑም አያድነውም። እዚያ ወሳኙ የቆይታው ጊዜ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቤቱ የዋለበት ጉዳይ ነበር።

ቫት የለም ማለት ግብር የለም ማለት አይደለም። የኪራይ ገቢ ግብር አለ፤ ዕዳው የአከራዩ እንጂ የተከራዩ አይደለም። ከግል ቤት ኪራይ የሚገኝን ገቢ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣንን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ለክልሎች ሰጥቷል። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ የሒሳብ መዝገብ ለማይዙ አከራዮች ከጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶውን በወጪ ስም ይቀንስላቸው ነበር። ቤቱ ከነዕቃው ከተከራየ የዕቃው ኪራይ አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ «ቤቱ 3 ሺህ፣ አልጋው 3 ሺህ» ብሎ ውሉን መክፈል ግብር አያስቀርም። ተከራይቶ መልሶ የሚያከራይ ሰውም በሚከፍለውና በሚቀበለው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ግብር አለበት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የ1994ቱን ተክቶ የምዝገባውን መነሻ ወደ 2 ሚሊዮን ብር አሳድጎታል፤ ዛሬ የሚከራከር ሰው መጥቀስ ያለበት የዚህኛውን አንቀጽ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ያልተመዘገበ አከራይ ቫት ልጨምር ሲል ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ያው የምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ነው።

ገሳይ ላይ መስመሯን ሰርዘን በጎኗ ሁላችንም ፈረምን። አዛውንቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነበራቸው፤ ልጁ ከሣጥን ውስጥ ፈልጎ አመጣው። 12 ሺህ ብሩን መቀበላቸውን ከነቁጥሩ ጽፈው ሰጡን፤ ሒሳብ ክፍላችንም ከውሉ ጋር አያይዞ ተቀበለው።