ማሽላው ወይስ ወተቱ? የብርሃን ሬዞናተርና የአፍላቶክሲን ምርመራ በራያ ቆላ

በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ዋጃ የማሽላ አገር ናት። ገበሬው ምርቱን በጎተራ ያኖራል፤ በጉድጓድ የሚቀብርም አለ። በደንብ የተዘጋ ጉድጓድ አየር ስለሚያጥረው ነቀዝን ያፍናል፤ እርጥበት ከሰረገበት ግን የሻጋታ መራቢያ ይሆናል። ከሻጋታዎቹ አንዱ አስፐርጂለስ ፍላቨስ አፍላቶክሲን ቢ1 የተባለውን የጉበት ካንሰር አምጪ መርዝ ያመነጫል። የተበከለ መኖ የበላች ላም ደግሞ ከመርዙ ጥቂቱን ወደ አፍላቶክሲን ኤም1 ለውጣ በወተቷ ታወጣዋለች። ማፍላት አያጠፋውም።

ይህን መርዝ ለመለየት ተስፋ ከተጣለባቸው መሣሪያዎች አንዱ ደቃቅ የብርሃን ሬዞናተር ነው። ስለ መሣሪያው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በንቃቱ ላይ ነው፤ እኔ ግን ለራያ ቆላ የሚበጀው ጥያቄ ምኑ ይመርመር የሚለው ነው እላለሁ።

ሬዞናተሩ አንድም የመስታወት ሉል፣ አንድም በሲሊከን ናይትራይድ ቺፕ ላይ የተቀረጸ ቀለበት ነው። የገባበት ብርሃን ጠርዙን ይዞ ይዞራል፤ የዙሪያው ርዝመት የሞገዱ ሙሉ ብዜት ሲሆን ዙሩ ዙርን እያጠናከረ ይከማቻል። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጉልላት ውስጥ ሹክሹክታ ግድግዳውን ታክኮ የሚጓዝበትን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1910 ሲያብራራ የተነተነው ክስተት ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የጥራት መጠኑ (ብርሃንን ይዞ የማቆየት ችሎታው) 100 ሚሊዮን፣ ዲያሜትሩ 100 ማይክሮሜትር በሆነ ሉል ውስጥ 1550 ናኖሜትር ብርሃን ከመክሰሙ በፊት 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከ50 ሺህ ዙር በላይ ማለት ነው። በየዙሩም የብርሃኑ ጠርዝ ከመስታወቱ ገጽ በጥቂቱ ወጣ ብሎ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ይነካል። ገጹ ላይ ሞለኪውል ሲጣበቅ በዚያ ሥፍራ የብርሃን ስብረት ልኬት ስለሚለወጥ፣ የሚከማቸው የሞገድ ርዝመት በጥቂት ፒኮሜትር ይሸሻል። የሚነበበው ይህ ሽሽት ነው። (ስሌቱ በአየር ላለ ሉል ነው። ውኃ 1550 ናኖሜትርን በብርቱ ስለሚውጥ በፈሳሽ ውስጥ አጠር ያለ ሞገድ ይመረጣል።)

ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ቮልመር፣ ስቲቨን አርኖልድና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ ፕሮቲንን የለዩት እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር፤ በ2008 ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን አንድ በአንድ ለይተዋል። ከዚያ በኋላ ዘርፉ ነጠላ ሞለኪውል ወደ መያዝ ሩጫ ገባ። ሩጫው ሳይንሱን አሳድጓል፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ብዙም አያስፈልግም። የአውሮፓ ኅብረት የወተት ጥብቅ ወሰን በሆነው በኪሎግራም 0.05 ማይክሮግራም እንኳ አንድ ሊትር ወተት ከ90 ትሪሊዮን በላይ የኤም1 ሞለኪውሎች ይይዛል። የሚቸግረው ብዛታቸው ሳይሆን ትንሽነታቸው ነው። የኤም1 ክብደት 328 ዳልተን ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ገጹ ላይ ቢያርፍ ሽሽቱ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ አንዱ መላ ነገሩን መገልበጥ ነው፦ መርዙን ራሱን አስቀድሞ ቀለበቱ ላይ ይለጥፉና፣ 150 ሺህ ዳልተን ያህል የሚመዝን አንቲቦዲ ከናሙናው ጋር ቀላቅለው ያሳልፋሉ። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ አንቲቦዲው ሁሉ ቀለበቱ ላይ ያርፋል፤ መርዝ ካለ ግን አንቲቦዲው በመርዙ ስለሚያዝ ንባቡ ይቀንሳል። በጣሊያን የትሬንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ኤም1ን በቀለበት ሬዞናተርና በመሰል የብርሃን ቺፖች ለመለየት ሠርተዋል።

ታዲያ ለምን ማሽላው ቀርቶ ወተቱ ይመርመር? በጉድጓድ ማሽላ ውስጥ መርዙ እኩል አይበተንም። ጫፍ ላይ ያለች እፍኝ እጅግ ተበክላ መሀሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። አንድ ጣሳ እህል ቆንጥሮ ፒኮሜትር በሚቆጥር መሣሪያ መለካት የዚያን ጣሳ ነገር በትክክል መናገር ነው፤ ስለ ጉድጓዱ የሚለው ጥቂት ነው። የእህል ምርመራ ትልቁ ስሕተት ከናሙና አወሳሰድ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው፣ የቱንም ያህል የነቃ ሬዞናተርም አያድነውም። ወተት ግን ፈሳሽ ነውና ሲማሰል መርዙ ይዳረሳል፤ የአንድ ቤት ላሞች የቀን መኖም በአንድ ዕቃ ተጠቃሎ ይመጣል።

የአገራችን ወተት ማስጠንቀቂያም ሰጥቷል። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ኤም1 ነበረባቸው። 9ኙ ብቻ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም አላለፉም፤ 29ኙ የዓለም አቀፉን የምግብ ደረጃ የኮዴክስን ወሰን 0.5 ማይክሮግራምን አልፈዋል። ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነበር። የራያ ላም የምትኖረው በአብዛኛው በማሽላ አገዳ ስለሆነ ያንን ቁጥር ወደ ዋጃ መገልበጥ አይገባም። ከጉድጓድ የወጣ የሻገተ እህል ለከብት ሲሰጥ ግን ሌላ መንገድ ይከፈታል። መርዙ ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ ሲናጥ ወደ ቅቤው የሚሄደው ጥቂቱ ነው፤ የሚበዛው አሬራው ላይ ይቀራል፣ አይቡ ላይም ይጠናል። ቅቤው ገበያ ሲወጣ አሬራውን የሚጠጡት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከሚሸጠው ወተት በፊት ናሙና ሊወሰድ የሚገባው ከቤት አሬራ ነው።

ቆላው ለመሣሪያውም ፈተና ነው። የመስታወት ሬዞናተር ንባብ በ780 ናኖሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ፒኮሜትር ያህል ይሸሻል፤ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀትሩ ሐሩር ባለው ልዩነት ሙቀቱ ብቻውን የመርዙን ምልክት ይውጠዋል። መፍትሔው በዚያው ቺፕ ላይ አንቲቦዲ የማይዝ ሁለተኛ ቀለበት አኑሮ የአንዱን ንባብ ከሌላው መቀነስ ነው። የወተቱ ስብም ገጹን ስለሚለብጥ አስቀድሞ መገፈፍ አለበት። የአገር ላም ወተት ከፈረንጅ ላም ወተት ይልቅ ስቡ ይበዛል፤ በአውሮፓ ወተት የተስተካከለ መለኪያ ዋጃ ላይ እንዳለ ሊታመን አይችልምና፣ የመለኪያ መስመሩ በራያ ላም ወተትና አሬራ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።