የቆብ ሐረግ፦ ደብረ ሊባኖስ ከሁለት ጥፋቶች በኋላ

የደብረ ሊባኖስ ገዳም ሁለት ጊዜ ፈጽሞ እንዲጠፋ ተፈርዶበት ሁለቱንም ጊዜ ማኅበሩ ተርፏል፤ ጸሐፍያነ ታሪካችን ግን ትንሣኤውን ሲተርኩ፣ የነገሥታቱን ርስትና የሕንጻውን ግርማ እንጂ፣ ሁሉ ከጠፋ በኋላ በስደትና በዋሻ ሥርዓቱን ተሸክመው የቆዩትን አረጋውያን እምብዛም አያነሡም።

የመጀመሪያው ጥፋት በ1523 ዓ.ም. የደረሰው ነው። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ቤተ ክርስቲያኑን ባቃጠለ ጊዜ መነኮሳቱ ወደ እሳቱ እየዘለሉ እንደ ገቡ የኢማሙ ዜና ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ ራሱ መዝግቧል። ከየመን መጥተው በዚያው ደብር የመነኰሱት፣ 11ኛው አበምኔት አባ ዕንባቆም፣ በእርጅናቸው ከቦታ ቦታ እየተሰደዱ፣ በ1532 ዓ.ም. ገደማ ለዚያው ለኢማሙ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መልእክት ጻፉ፤ በስደት ላይ ያለ አረጋዊ ከአሳዳጁ ጋር በጽሕፈት መከራከሩ፣ በእኔ ግምት፣ መቅደስ ከማነጽ የማያንስ ሥራ ነው። በኋለኛው ዘመንም የእጨጌው፣ ማለትም የአበምኔቱ፣ መንበር ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ፣ ማኅበሩ ያው ማኅበር ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት፣ ምንኵስና የሚወረሰው ከአባት ወደ ልጅ እንጂ ከሕንጻ ስላልሆነ ነው። ሐረገ ምንኵስናው ከአባ እንጦንስ ተነሥቶ፣ በአባ አረጋዊና በአባ ኢየሱስ ሞዐ በኩል ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳል። መናኙ እንደ ሙት ተገንዞ መሬት ላይ ይጋደማል፤ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ከዚያም ቅናቱን፣ ቆቡን፣ ኋላም እንደ ብቃቱ አስኬማውን ይቀበላል። ለዚህ አንድ አባትና አንድ ዋሻ ይበቃል።

ሁለተኛውን ጥፋት ያመጣው የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ፣ ይህን ዐውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ የሐረጉን ሁለት ጫፍ፣ አባቶቹንና ልጆቹን፣ ለመቍረጥ ሞከረ። የካቲት 12 ቀን በራሱ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ በመነኮሳቱ ላይ አላክኮ፣ ሕዝቡ ለግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አጽም ፍልሰት በዓል በተሰበሰበበት ሰሞን፣ በማግሥቱ በ1929 ዓ.ም. ግንቦት 13 ቀን፣ በጄኔራል ማሌቲ እጅ መነኮሳቱን ላጋ ወልደ ላይ በሸራ እያስሸፈነ በመትረየስ አስፈጃቸው፤ አስቀድሞ ምሕረት የተደረገላቸውን ዲያቆናትም ከቀናት በኋላ ደብረ ብርሃን አጠገብ አስረሸናቸው። ራሱ ያመነው 449 ሰው ነው፤ ጭፍጨፋውን ያጠኑት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ ይገምታሉ።

በሐዋሳ ሐይቅ አገር ለምንኖር ያ ዓመት እንግዳ አይደለም፤ ከይርጋዓለም ያፈገፈጉት ራስ ደስታ ዳምጠው የካቲት 17 ቀን ሲረሸኑ የደቡቡ ጦር ተበትኗል። ገዳሙ ግን እንደ ጦር በአንድ አለቃ የቆመ አልነበረም፤ በዕለቱ በሌላ ስፍራ የነበሩት ተርፈዋል፤ እጨጌው ገብረ ጊዮርጊስም በኢየሩሳሌም በስደት ነበሩ፤ ኋላ አቡነ ባስልዮስ ተብለው በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በ1955 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ የላጋ ወልደን ሸለቆ የሚያውቁት የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ምስክርነታቸውን በጥናት የሚጽፍላቸው ያገኙት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።